ከሰባት አቅጣጫ የሚሰማ ሰው

ሄድሴቱን የገዛሁት ከገላባት ተሻግሮ ከመጣ ነጋዴ ነው። ካርቶኑ ላይ ፀጉሩ የቆመ ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል፤ ጭንቅላቱን ደግሞ ሰባት ቀስቶች ከበውታል። ነጋዴው ቀስቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ድምፅ ከፊትም ከኋላም፣ ከቀኝም ከግራም እንደሚመጣ አስረዳኝና «ሚያ ሚያ!» ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ድንበር ላይ ያደግን ሰዎች አንድ ዕቃ «ሚያ ሚያ» ከተባለ መቶ በመቶ አስተማማኝ እንደሆነ እናውቃለን። ባለፈው ዓመት «ሚያ ሚያ» ተብዬ የገዛሁት ማራገቢያ በሦስተኛው ቀን ቀጥ ማለቱ ትዝ የሚለኝ ግን ሁልጊዜ ከገዛሁ በኋላ ነው።

ሥራዬ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ስልክ መጠገንና ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነበር። ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ጥላ ሥር ሲያስተኛው፣ ሱቄ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ላይቭ እገባለሁ። ስለ ስልክ ብልሽት አወራለሁ፣ ሰው ይጠይቀኛል፣ እኔም እንደ ትልቅ ሊቅ ጉሮሮዬን ጠርጌ እመልሳለሁ። ተመልካቾቼ ብዙ አልነበሩም። ግማሾቹ ዘመዶቼ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ስልካቸው እኔ ዘንድ ገብቶ ያልወጣላቸው፣ በሕይወት መኖሬን ለማረጋገጥ የሚገቡ ደንበኞች ናቸው። ቢሆንም ሄድሴት ያደረገ ሰው ሌላ ሰው ነው። አንድ ወር ሙሉ ላገኘሁት ሁሉ «ይሄ ዕቃ ከሰባት አቅጣጫ ነው የሚሰማው፤ ከኋላዬ ዝንብ ብታልፍ እንኳ አታመልጠኝም» እያልኩ ስደነፋ ከረምኩ። ይህን ጉራ ደጋግማ ከሰሙት ሰዎች አንዷ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ነበረች። እሷም አመነችኝ። ጥፋቱ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ልጅቷ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው። የምትኖረው መተማ ዮሐንስ ከአባቷ እኅት ጋር ነው፤ አባቷ ግን ገለጉ ናቸው፣ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳሉ። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት። የገለጉ መንገድ በዚያ ወቅት ጥቁር ጭቃ ነው፤ መኪና አያሳልፍም፣ ትራክተርም ቢሆን ዕድለኛ ከሆነ ነው። አባቷ አረም ላይ ስለሆኑ ወደ እኛ አይመጡም፣ ሽማግሌዎችም ወደ እሳቸው አይሄዱም። መስቀል እስኪያልፍ እንዳንጠብቅ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ ከደረሰ ደግሞ በእኛ ቆላ የሚያገባም የሚፋታም የለም፣ ሁሉም አጨዳ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የባሰው፣ ሁለት ትራክተር ያለው አንድ ሰው ለልጅቷ ሽማግሌ ለመላክ እየተሰናዳ መሆኑን አክስቷ ነገረችኝ። ሁለት ትራክተር! እኔ የነበረኝ አንድ ሄድሴት ነው።

ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ማንም በከንቱ እንዳይወቀስ አስቀድሜ ልናገር። «ሽማግሌዎቹ አክስትሽ ቤት ይቁሙ፣ እኔ በላይቭ አስተላልፋለሁ» አልኳት። አባቷ ገለጉ ሆነው ያያሉ፣ አጎቷ ጎንደር፣ ሌሎቹ ዘመዶቿ ገንዳ ውኃ ሆነው ያያሉ። ለእነሱ ብቻ የሚከፈት ገጽ አዘጋጃለሁ። አባቷ ሰምተው ሲጨርሱ ስልክ ደውለው መልሳቸውን ይሰጣሉ። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ድምፁ በደንብ ይሰማል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ! ካርቶኑን አምጥቼ ሰባቱን ቀስቶች አሳየኋት።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች ትልቁ፣ የሟች አባቴ ወዳጅ፣ ነገሩን ስነግራቸው አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አስጨነቃቸው። በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም። ቆሞ ይለምናል፤ «በሉ ተቀመጡ» የሚለው የልጅቷ አባት ነው፣ ያቺ ቃል ደግሞ እሺታ ናት።

«እኔ ታዲያ የምቆመው ማን ፊት ነው?» አሉኝ።

«ላፕቶፑ ፊት፣ አባቴ።»

«ላፕቶፑ ተቀመጡ ባይለኝስ?»

ይሄ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም።

ሌላም ጣጣ ነበር። ሽማግሌ በተላከበት ቤት የሚያገባው ልጅ ዝር አይልም፣ ነውር ነው። ነገር ግን ላፕቶፑን ከእኔ በቀር የሚያውቅበት የለም። አክስቷ ሳሎኗን ከዕቃ ቤቷ የሚለየውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ በሰሊጥ ጆንያዎቹ መካከል ያለችውን ቀዳዳ አሳየችኝ። «ግባ እዚያ። እኔ አላየሁህም። ብታስነጥስ ግን ኸላስ፣ አለቀልህ፣ ሌባ ነው ብዬ ነው የምጮኸው» አለችኝ።

ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ካሜራውን ሽማግሌዎቹ ወደሚቆሙበት አዙሬ አስቀመጥኩት። ሄድሴቱ ገመድ አልባ ስለነበረ ራሴ ላይ ደፍቼው መጋረጃው ጀርባ መግባት ቻልኩ። ከመጀመሬ በፊት ሞከርኩት እንጂ እንዲያው በድፍረት አልገባሁም። አንድ ዘፈን ከፈትኩ፤ ከበሮው ከኋላዬ መጣ፣ ማሲንቆው ከግራዬ፣ ዘፋኙ መሀል አናቴ ላይ ቆመ። ጉድ ነው! ረክቼ ዘፈኑን ዘጋሁት። እኔ አሳምሬ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ሰው ይሰማል ወይ ብሎ መሞከር የሰነፍ ሥራ መሰለኝ። ላፕቶፑ ሄድሴት ሲያገኝ የራሱን ማይክ ዘግቶ አፌ አጠገብ በተንጠለጠለችው ትንሽ ማይክ መቅዳት እንደሚጀምር፣ ይህንንም ስንት ጊዜ ለደንበኞቼ በላይቭ እንዳስተማርኩ፣ በዚያች ሰዓት ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ላይቩ ተጀመረ። ትልቁ ሽማግሌ በዚያ ወበቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሲናገሩ የጋቢውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ለከባድ ጉዳይ ድምፅ አይነሣም፣ ጮኾ የሚናገር ከብት ተራ ይሂድ የሚሉ ሰው ናቸው። እኔ በመጋረጃው በኩል ሁሉንም እሰማለሁ። በሄድሴቱ ደግሞ ዘመዶቿ አስተያየት በጻፉ ቁጥር «ቲንግ» የምትል ድምፅ ትመጣለች። ቲንግ ከቀኝ፣ ቲንግ ከኋላ፣ ቲንግ ቲንግ ከሁሉም በኩል። ምርቃት እየጎረፈ ነው አልኩ በልቤ። ዘመዶቿ ወደውኛል!

ሲጨንቀኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ከጆንያው ሰሊጥ እየዘገንኩ መቃም ጀመርኩ። ሽማግሌው መግቢያውን ሲያረዝሙት ለራሴ «ጀመሩ እንግዲህ፣ ከአዳም ተነሥተው እኔ ጋ ሊደርሱ ነው» አልኩ። ደግነቱ ማንም አልሰማኝም። «ልጃችን ጭምት ነው፣ አንደበቱ የታረመ ነው፣ ትልቅ ሰው አክባሪ ነው» ሲሉ ደግሞ «ኧረ ቶሎ ጨርሱ በእግዜር፣ አባቷ መለመን ስለሚወዱ ነው እንዲህ የሚያቆሙን» አልኩ። ይህንንም፣ እንደመሰለኝ፣ ማንም አልሰማኝም።

በዚህ መሀል ልጅቷ በጓሮው በር ገብታ በጣሳ ውኃ አመጣችልኝ። ጎንበስ ብላ ጉንጬ አጠገብ አንድ ነገር ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ጆሮዬ ግን በሁለት ወፋፍራም ስፖንጅ ተደፍኗል፣ በዚያ ላይ ቲንግታው አላቋርጥ ብሏል። ድምፁ እንዴት ነው ብላ እየጠየቀችኝ ይሆናል አልኩ፤ ሌላ ምን ልትጠይቀኝ ትችላለች? ራሴን ነቀነቅኩ፣ አውራ ጣቴን አሳየኋት፣ «አዎ፣ አዎ፣ ግልጥልጥ ብሎ ይሰማል» አልኳት። ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጣሳውን ጆንያው ላይ ቁጭ አድርጋ ወጣች። ውኃው ግማሹ ፈሰሰ፤ ሙቀት ነው እጇን ያላላው ብዬ አለፍኩት።

ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ የአክስቷ ስልክ ጮኸ። አባቷ ናቸው። አክስቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ኔትወርኩ መሀል ላይ ተቋረጠብኝ» አሉ ከገለጉ። «ኸሰማሁትም ቢሆን የሽማግሌዎቹን ቃል አልለየሁትም። የተቀዳውን ላኩልኝ። ሰምቼ መልሴን እሰጣለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ትልቁ ሽማግሌ ዙሪያውን አይተው «እና እንቀመጥ ወይስ እንቁም?» አሉ። ከባድ ጥያቄ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ እሺ ስላልተባልን መቀመጥ ነውር ነው አሉ፤ ሌላው እንቢም ስላልተባልን መቆም ከንቱ ድካም ነው አሉ። በመጨረሻ አክስቷ «ለጉልበታችሁ ስትሉ ተቀመጡ፤ ለጉዳያችሁ ግን እንደቆማችሁ ይቆጠራል» ብላ ፈረደች። ተቀመጡ፣ ምግብ ግን አልነኩም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ከመጋረጃው ወጥቼ የዘመዶቿን ምርቃት ለማንበብ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞርኩ። የመጀመሪያው «ድምፅ የለም» ይላል። ሁለተኛው «ማነው የሚተነፍሰው?» ይላል። «በሬ ገብቷል እንዴ? የሚያኝክ ነገር ይሰማኛል።» «ኧረ ሽማግሌውን ቶሎ ጨርሱ የሚላቸው ባለጌ ማነው?» ከዚያ በታች ያለውን አላነበብኩትም። ሁሉም «ሚያ ሚያ» እንዳልሆነ ገብቶኛል።

በማግስቱ ጠዋት ቅጂውን ከገጹ ላይ አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ላፕቶፔ ላይ አስቀርቼዋለሁ፤ ማስተካከል እችላለሁ ብዬ ነበር። ሱቄን ዘግቼ መስማት ጀመርኩ። የራስን አፍ በቅርብ እንደመስማት ያለ ቅጣት የለም። ትንፋሼ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ሰሊጡ ጥርሴ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሽማግሌው ደግሞ በጣም በሩቁ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው፣ ስለ ጭምትነቴ ያስረዳሉ።

መጀመሪያ ድምፁን በሙሉ ከፍ አደረግኩት። ሽማግሌው ከፍ አሉ፣ እኔም አብሬ ከፍ አልኩ፤ ማኘኬ የድንጋይ መፍጫ ሆነ። ቀጥሎ ጫጫታ የሚያጠፋ ነገር አውርጄ ሞከርኩ። ቅርብ ያለው ሰው፣ ሩቅ ያለው ጫጫታ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ሽማግሌዎቹን ጠራርጎ አጥፍቶ እኔን ጥርት አድርጎ አወጣኝ። በሦስተኛው ሙከራ ሰራውንድ የሚሉትን፣ ድምፅን ከየአቅጣጫው የሚያመጣውን፣ ቅጂው ላይ ጨመርኩበት። ያኔ ሽማግሌው በጭንቅላቴ ዙሪያ መዞር ጀመሩ፤ የዘር ሐረጌን ከኋላዬ ጀምረው ቀኝ ጆሮዬ ላይ ጨረሱት። መቼም ውብ ነበር። በሄድሴቱ የሰማሁትን ሁሉ ውብ ማለት ልማዴ ሆኗል።

ሄጄ ትልቁን ሽማግሌ እንደገና እንቅዳዎት ብዬ ለመንኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ገላመጡኝ። «ልመና አንድ ጊዜ ነው፣ ልጄ። እኔ ለአባቷ ቆሜያለሁ። ለማሽን ብዬ ደግሜ ብቆም የፊተኛው መቆሜ ቧልት ይሆናል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን በዚያን ሰዓት ግትር ሽማግሌ ብዬ ነው የወጣሁት።

ስለዚህ የቀረኝ መቁረጥ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ድምፅ እንደ ማዕበል ተስሎ ይታያል። አጫጭሮቹ ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ ረጃጅሞቹ እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ከሰማሁ በኋላ የእኔን ቅሌት ደግሜ ለመስማት ሆዴ እንቢ አለኝ። ማዳመጤን ትቼ በዓይኔ ብቻ እያየሁ ረጅም የሆነውን ሁሉ እየመረጥኩ ቆረጥኩ። ረጅሙ ሁሉ እኔ ከሆንኩ ምን ሊያደርግልኝ እሰማዋለሁ? ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያለቀለትን በሰራውንድ አስውቤ፣ በሄድሴቴ ሰምቼ አጨብጭቤ፣ ሚሞሪ ላይ ጫንኩና ወደ ገለጉ ለሚሄድ ትራክተር ነጂ ሰጠሁት። አባቷ የሚሰሙት እርሻ ላይ በሚይዟት፣ ሚሞሪ በምትወስድ፣ አንዲት ድምፅ ማውጫ ባላት ትንሽ ሬዲዮ መሆኑን ልጅቷ አንድ ጊዜ ነግራኝ ነበር። አንድ ሰው ያን ያህል ምክር ሲደርሰው፣ ሰራውንድ በአንዲት ድምፅ ማውጫ ሲወጣ ቃሉን እንደሚበላው ቢያስብበት ምን ነበረበት?

ልጅቷን ግን እንጃ፣ ምን እንደነካት አላወቅኩም። በእነዚያ ሦስት ቀናት መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሥራው እንዴት እየሄደልኝ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። «መድኃኒት ፈልገህ ነው?» አለችኝ። አይ አልኳት። «እንግዲያ ተራ ለሚጠብቁት ቦታ ልቀቅ።» በሁለተኛው ቀን «ሁሉንም እያስተካከልኩት ነው፣ አንድም አላስፈላጊ ነገር አይቀርም» ብዬ አበሰርኳት። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና «አውቃለሁ። አንተ የማያስፈልግህን ትለያለህ» አለች። ምስጋና መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ፈራሁ። ባለ ሁለት ትራክተሩ ሰውዬ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ መኪናውን አቁሞ አየሁት። በእውነት ነው የምለው፣ እሷን ካጣሁ ያንን ሱቅ ከፍቼ መቀመጥ የምችል አልመሰለኝም ነበር።

ሚሞሪው በትራክተር ከሄደ ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አክስቷ አስጠራችኝ። አባቷ መልሳቸውን ሊሰጡ ነው። «አንተም ና ብሏል» አለችኝ። «ነውር አይደለም እንዴ?» አልኳት። «ኸመጋረጃው ፊት ለፊት ይቁም ብሏል።»

ከመጋረጃው ጀርባ እንደነበርኩ ማን ነገራቸው?

ስገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች በቦታቸው ቆመዋል፣ ያው ጋቢ፣ ያው ወበቅ። ልጅቷ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ቆማለች፣ ወደ እኔ አላየችም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ የአክስቷ ስልክ።

አባቷ ሽማግሌዎቹን አመስግነው፣ የእያንዳንዳቸውን ቤተሰብ ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ «ልጁ አለ?» አሉ።

«አለሁ፣ አባቴ።»

«ሁለት ቅጂ ነው የደረሰኝ። ፊተኛውን ያኔውኑ ማታ ኔትወርክ ሲመለስ እኛ ቤት የተከራየው መምህር አውርዶ ሬዲዮዬ ላይ ጫነልኝ።»

ያጠፋሁት በማግስቱ ጠዋት ነበር። ሰሊጡ፣ ትንፋሹ፣ ከአዳም ተነሥተው፣ መለመን ይወዳሉ፣ ሁሉም አንድ በአንድ በዓይኔ ላይ አለፈ።

«ሁለተኛውን አስተካክለህ የላክኸው አንተ ነህ አሉ» ቀጠሉ። «አንድም ቃል አይሰማበትም። ሲያፏጭና ሲንሿሿ ይቆይና ያልቃል። እሱ ግድ የለም። ፊተኛውን ግን አርሶ አደር ነኝና ታግሼ ደጋግሜ ሰማሁት። ኸፊተኛው ያለ፣ በሁለተኛው ግን ዝም የሚልበት ቦታ አገኘሁ። ልጄ የጠየቀችህን ለምን ቆርጠህ አወጣኸው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። አክስቷም ዞረች። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ጠየቀችኝ?» አልኩ።

የባሰ ነገር መናገር አልችልም ነበር። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ከሰባት አቅጣጫ እሰማለሁ አላልክም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ነው ጣሳው ትዝ ያለኝ። ጎንበስ ማለቷ፣ የከንፈሯ መንቀሳቀስ፣ አውራ ጣቴ። «ሄድሴት አድርጌ ነበር» አልኩ። «አልሰማሁሽም። በዓይኔ እያየሁ ነው የቆረጥኩት፣ እኔ የሆንኩ መስሎኝ። አንድም ቃል አልሰማሁም።» ስንት ቀን ስደነፋበት የከረምኩት ዕቃ እንዳደነቆረኝ በሦስት ሽማግሌ ፊት መናገርን ለማንም አልመኝም።

«አልሰማህም?» አሉ አባቷ። «እንግዲያ ስማ።»

ገለጉ ላይ ሬዲዮዋ ስትከፈት ቀጭ አለች። መጀመሪያ ትንፋሼ መጣ፣ ከዚያ ማኘኬ። ከዚያ ማይኩ አጠገብ፣ ጥርት ብሎ፣ የልጅቷ ሹክሹክታ፦

«አባቴ እንቢ ቢል እኔ እንቢታውን አልቀበልም። ጭቃው ቢውጠኝም ገለጉ እሄዳለሁ፣ ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ። አንተስ? እንቢ ቢል ትተወኛለህ?»

ሰሊጥ ተኮረሸመ። ቀጥሎ የእኔ ድምፅ፣ በደስታ የተሞላ፦ «አዎ፣ አዎ፣ ግልጥልጥ ብሎ ይሰማል።»

ሬዲዮዋ ተዘጋች። በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ወጥቶ፣ በአንድ ስልክ ገብቶ፣ ያን ሁሉ ጭቃ ተሻግሮ በተሰነጠቀ ስልክ የመጣ ድምፅ ነበር። ሰራውንድ የለው፣ ምን የለው። እያንዳንዱ ፊደል ገብቶኛል። ቀና ብዬ ልጅቷን ማየት አቃተኝ፤ አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ ማልቀስም አማረኝ፣ ሁሉም ባንድ ላይ።

«ኸሽማግሌዎቹ ቃል ብዙም አልሰማሁም፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ አባቷ። «ሽማግሌ የላከውን ልጅ ያመሰግናል፣ ወጉ ነው። አራተኛ ሽማግሌ ሆና የቆመችውን ልጄን ግን ሰምቻለሁ። ጥያቄዋ መልስ አላገኘም። አንተ ደግሞ መለመን ይወዳሉ ብለኸኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ፣ እኔ...»

«እወዳለሁ። እስቲ ለምነኝ።»

በእኛ አገር የሚያገባው ልጅ በገዛ አፉ አይለምንም። ለዚህ ነው ሽማግሌ የተፈጠረው። ትልቁን ሽማግሌ አየኋቸው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከአፋቸው ላይ አንሥተው በአገጫቸው ወደ ስልኩ ጠቆሙኝ። ጠጋ አልኩ።

«አልተዋትም» አልኩ። «እንቢ ቢሉኝም አልተዋትም። እባክዎ ይስጡኝ።»

«አልሰማሁህም።»

«አልተዋትም!»

«ኔትወርኩ ነው መሰለኝ። ምን አልክ?»

የአክስቷ ስልክ የኔትወርኩ አራቱም መስመር ሙሉ ነበር። አይቼዋለሁ። ሰውዬው እያሾፉብኝ መሆኑን እያወቅኩ፣ ከብት ተራ እንዳለ ሰው ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «አልተዋትም!» ብዬ ጮኽኩ። ውጭ መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ፍሬን ይዞ ቆመ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«በሉ» አሉ አባቷ፣ አሁን ድምፃቸው ሌላ ነበር። «ተቀመጡ እንግዲህ።»

አግዳሚ ወንበሩ በሦስት ሽማግሌ ክብደት ሲንቋቋ አክስቷ እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ልጅቷ መጋረጃውን ለቃ መጣችና ጎንበስ ብላ፣ እንደዚያ ቀን፣ ጉንጬ አጠገብ ተናገረች።

«ሳትጮኽ ያልከውን የመጀመሪያውንም ሰምቼዋለሁ» አለችኝ።

ጆሮዬ ላይ ምንም አልነበረም። ሰማኋት።